ተጨማሪ መረጃ፦ ባሕሩ ሲሞቅ ለምን እኛ ዘንድ ይዘንባል?

በአብዛኛው የኢትዮጵያ ክፍል ጥቅምትና ኅዳር ዝናቡ የሚያባራባቸው የመከር ወራት ናቸው። በሶማሌ ክልልና በቦረና ግን ያን ጊዜ አጭር የዝናብ ወቅት አለ፤ ሶማሌዎች «ደይር»፣ ቦረናዎች «ሃገያ» ይሉታል። ይህ ዝናብ በአንዳንድ ዓመት ከልክ በላይ የሚጥለው ለምን ይመስላችኋል?

አንዱ ምክንያት የሚገኘው ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ነው። አልፎ አልፎ የውቅያኖሱ የአፍሪካ ወገን ከወትሮው ይሞቃል፤ የኢንዶኔዥያ ወገን ደግሞ ይቀዘቅዛል። ይህ የሙቀት መበላለጥ አዎንታዊ የሕንድ ውቅያኖስ ዳይፖል ይባላል። ከሞቀው ባሕር ብዙ ውኃ ይተናል፤ እርጥቡ አየር ወደ ላይ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ደመና ይሆናል። ከምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስም ስለሚበረታ እርጥበቱን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይገፋዋል።

በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ) የታየው ዳይፖል እስከ ዛሬ ከተመዘገቡት ብርቱዎች አንዱ ነበር። ከኢትዮጵያ ደጋ የሚነሣው ዋቢ ሸበሌ ሞልቶ ገነፈለ፤ ወንዙ የሚያቋርጣት የሶማሊያዋ በለድወይን ከተማም በጥቅምት ወር በጎርፍ ተጥለቀለቀች። በውቅያኖሱ ማዶ በአውስትራሊያ ግን ድርቁና ሰደድ እሳቱ በረታ።

ሞክሩ፦ ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ከዛፍና ከጣሪያ ርቆ በገላጣ ቦታ አስቀምጡ። ዝናቡ ሲያባራ የውኃውን ጥልቀት በማስመሪያ ለኩ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውኃ ማለት ነው። የትምህርት ቤታችሁ ሜዳ ስንት ሊትር ተቀበለ?