ርካሽ ስቲከር፣ ውድ ላሜራ

ያገለገለ አይሱዙ ወይም ሚኒባስ የገዛ ሰው ከጎማና ከፍሬን ሸራ ቀጥሎ የሚያማርረው ነገር አለ፤ የቀድሞው ባለቤት ትቶት የሄደው ስቲከር። በበሩ ላይ የድርጅት አርማ፣ በጎኑ የማኅበር ስም፣ በኋላ መስታወቱ ጥቅስና የቅዱሳን ሥዕል። ይህን ሁሉ አንስቶ የራሱን ሊለጥፍ ሲነሳ፣ ማንሳቱ ከመለጠፉ የበለጠ ሰዓትና ገንዘብ እንደሚፈጅ ያያል። ለምን ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ በየጋራዡ አንድ ነው፦ «ዶላር ጨምሮ!»

መልሱ ግማሽ እውነት አለው። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ዋጋን ለገበያ በለቀቀበት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ስቲከሩም፣ ሙጫውም፣ ቲነሩም ራሳቸው ወይም ጥሬ ዕቃቸው ከውጭ የሚገባ ነውና ዋጋቸው አብሮ መውጣቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ አንድን የመኪና በር ለማጽዳት ምን ያህል ፈሳሽ ያስፈልጋል? ጥቂት ነጭ ጋዝ፣ የሳሙና ውሃና ጨርቅ ይበቃል። በዚህ ሥራ የሚሸጠው ጉልበት ነው። ከጉልበቱም በላይ፣ መኪናው ሳይጭን ቆሞ የሚያሳልፈው ቀን አለ። የዚህ ጉልበት መጠን በዛሬ ምንዛሪ አይወሰንም። የተወሰነው ስቲከሩ በተለጠፈ ዕለት ነው።

ዶላር ላይ ብቻ ጣታቸውን የሚቀስሩ ሰዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ስቲከር የሚሠራበት ፒቪሲ በተፈጥሮው ደረቅ ፕላስቲክ ነው፤ እንደ ጨርቅ እንዲታጠፍ የሚያደርገው የተጨመረበት ማለስለሻ ዘይት ነው። ርካሹ ዓይነት በትኩስ ጥቅልሎች መካከል ተጨፍልቆና ተጎትቶ ስለሚሠራ ውሎ አድሮ ወደ ነበረበት ሊሰበሰብ ይታገላል። ውዱ ግን በፈሳሽነቱ ፈስሶ በሙቀት ስለሚጋገር እንዲህ ያለ ውጥረት የለበትም። ዝቅተኛው ደረጃ ደጅ ላይ 2 ወይም 3 ዓመት፣ ሻል ያለው ከ5 እስከ 7 ዓመት እንዲቆይ ታስቦ ይመረታል፤ ፈስሶ የሚሠራው ከዚያም ያልፋል። ፀሐይ ሲመታው የማለስለሻው ዘይት ከፊሉ ይተናል፣ ከፊሉ ወደ ሙጫው ሰርጎ ያዝረከርከዋል። ላዩ እንደ እንቁላል ቅርፊት ይሰባበራል፣ ሥሩ ግን ላሜራውን ሙጥኝ እንዳለ ይቀራል። በሁለተኛው ዓመት ከዳር ተይዞ ሲሳብ በአንድ ቁራጭ የሚነሳው ስቲከር፣ በሰባተኛው ዓመት በጥፍር መጠን እየተፈለፈለ ይወጣል። በአንድ ሰዓት ያልቅ የነበረው ሥራ ቀኑን ሙሉ የሚበላው በዚህ ምክንያት ነው፤ የዶላር ዋጋ ባለበት ቢቆም እንኳ ይህ ልዩነት አይጠብም።

ንፋስ መውጫ ይህ ጉዳይ ጎልቶ የሚታይባት ከተማ ናት። ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦርና በጉና ግርጌ ወደ ጋሸናና ወልዲያ የሚዘልቀው መንገድ፣ የላይ ጋይንት መናገሻ የሆነችውን ይህችን ከተማ የሚያገኛት ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ፕላስቲክ የሚያኮስሰው የፀሐይ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። 1,800 ሜትር አካባቢ ካለችው ወረታ ጋር ሲተያይ፣ የጋይንት ደጋ ላይ የሚውል መኪና ከአንድ አሥረኛ በላይ ተጨማሪ ጨረር ይቀበላል ማለት ነው። ሌሊቱ ደግሞ ብርድ ነው፤ ብርድ ሙጫን ያደርቃል። ባሕር ዳር ላይ በሞቃት ቀን የተለጠፈ ስቲከር እዚህ ቶሎ ያረጃል፣ እዚህ በጠዋት ሊላጥ ሲሞከርም ይሰበራል። ከስማዳና ከእስቴ ጭነት የሚያመላልስ ባለ መኪና ደጋው ሁለት ጊዜ ያስከፍለዋል።

ደጋው መፍትሔውንም በነፃ ይሰጣል። ሙጫ የሚለሰልሰው ላሜራው ለእጅ በደንብ ሲሞቅ፣ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ አካባቢ ነው። መኪናውን ስቲከሩ ያለበት ጎን ወደ ፀሐይ እንዲዞር አድርጎ እስከ እኩለ ቀን ማቆም፣ ፀሐይ ከጠፋም በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ከዚያ ከጥጉ ይዞ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ራሱ ወደ ኋላ አጥፎ፣ ላሜራውን እንደታከከ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። የቀረውን ሙጫ በነጭ ጋዝ አርሶ ጥቂት ታግሶ መጥረግ፣ ወዲያውም በሳሙና ማጠብ ይበቃል። መቸኮል ግን ያስከፍላል። ቲነር የፋብሪካ ቀለም ቢምረው እንኳ በአገር ውስጥ ዳግም የተቀባውን ያነሳዋል። ምላጭ ቀለሙን ሰንጥቆ ብረቱን ያጋልጣል፤ ክረምት ሲገባ ዝገቱ ይጀምራል፣ ከዚያ ባቲላሜራ፣ ስቱኮ፣ ቀለም። ስቲከሩ በሰላም ቢነሳ እንኳ ከሥሩ የነበረው ቀለም ፀሐይ ስላልነካው ደምቆ ይቀራል፤ የአሮጌው ድርጅት ስም ያለ ስቲከር ይነበባል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ወጪ የማን ነው? የዚህ ዓምድ እምነት ቁርጥ ያለ ነው፤ በውል ያልተነሳ ወጪ ከእጅ ወደ እጅ እየተንሸራተተ የመጨረሻው ሰው ላይ ያርፋል። በዓለም የታወቀው ምሳሌ ከአሜሪካዋ ቴክሳስ የመጣ ነው። አንድ የቧንቧ ሥራ ባለቤት በ2013 እ.ኤ.አ. ፒክአፑን ለመኪና ሻጭ ሲያስረክብ የድርጅቱን ስምና ስልክ ከበሩ ላይ መላጥ ጀምሮ ነበር። በኋላ ባቀረበው ክስ እንዳለው፣ የሻጩ ሠራተኛ ቀለሙ ይበላሻል፣ እኛ እናነሳዋለን ብሎ አስቆመው። ማንም አላነሳውም። መኪናው በጨረታ ተሸጠ፣ በቱርክ በኩል አለፈ። በታኅሣሥ 2014 እ.ኤ.አ. ሶርያ ውስጥ ፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ተጠምዶበት፣ የድርጅቱ ስምና ስልክ በሩ ላይ እንዳለ ፎቶው ተሰራጨ። ሰውየው የስልክ ዛቻ ወረደበት። ሻጩም፣ አጫራቹም፣ ላኪውም እያንዳንዳቸው የጥቂት ሰዓት ሥራን ለሚቀጥለው ሰው ትተው ነበር ያለፉት።

በእኛ ገበያም ሰንሰለቱ ያው ነው። ስቲከር ቤቱ ርካሹን ይለጥፋል፣ የመጀመሪያው ባለቤት በዋጋው ይደሰታል፣ ሁለተኛው ገዢ ይከፍላል። ገዢው ለምን ከመኪናው ዋጋ አያስቀንስም ቢባል፣ ከስቲከሩ ሥር ያለውን ቀለምና ዝገት ማየት ስለማይችል ነው። ያልታየ ጉዳት ላይ መደራደር አይቻልም።

ይህ ወጪ በይፋዊ የዋጋ ቁጥሮችም አይታይም። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በ2017 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበቱ ከ17 በመቶ አካባቢ ወደ 14 በመቶ ገደማ መውረዱን ነግሮናል። ቁጥሩ የሚመዝነው በዕለቱ የተከፈለውን ብር ነው። አንድ ስቲከር ቤት ዋጋውን ሳይነካ 6 ዓመት የሚቆየውን ዕቃ 2 ዓመት በሚቆየው ቢተካ፣ የደንበኛው ወጪ በዓመት ሲታሰብ ሦስት እጥፍ ሆኗል፤ ጥራቱን የሚለካ ከሌለ ግን መዝገቡ ምንም ለውጥ አያሳይም። በጥራት መውረድ ውስጥ የተደበቀ የዋጋ ጭማሪ በየሱቁ ሲያልፍ፣ ይፋዊውን አሃዝ እንዳለ ተቀብሎ ኑሮ ረከሰ ማለት ይከብዳል።

ነገሩ ወደፊት ይብሳል። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን ከአዲሶቹ በላይ ስለሚቀጣ፣ አገር ውስጥ ያለው መኪና ረጅም ዕድሜ ይሠራል፣ ብዙ እጅም ይቀያይራል። በእያንዳንዱ ሽያጭ አንድ የመላጥ ወጪ አለ።

ስለዚህ ስቲከር የሚያስለጥፍ ባለንብረትም ሆነ የትራንስፖርት ማኅበር የዕቃውን ዓይነትና የሚቆይበትን ዓመት በደረሰኝ ላይ ያጽፍ፤ ዕድሜው ሳያልቅም ያስነሳው። ያገለገለ መኪና የሚገዛም ውል ከመፈረሙ በፊት ሻጩ አንዱን በር በፀሐይ አሙቆ ፊቱ እንዲልጥለት ይጠይቅ።