የቀሩት 14 ቀናት የማን ናቸው?

የውጭ አገር ሴሚስተር የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ሌባ አለባቸው። ስሙ «የዕቃ ዝርዝር» ይባላል። በቴሌግራም ነው የሚመጣው፤ ብዙ ጊዜ በፎቶ ተደግፎ። ለእህት ጫማ፣ ቁጥሩ 38። ለአጎት ልጅ የስልክ ከቨር። ለጎረቤት «ያ ባለፈው ያመጣችሁላት ዓይነት ሽቶ»። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ዝርዝሩ ረዝሟል። እዚህ ዋጋው የማይቀመስ ነገር ሁሉ «እዛ እኮ ርካሽ ነው» ይባላል። ተማሪው ኪስ ውስጥ ስንት ዩሮ እንደቀረ ግን የሚጠይቅ የለም።

ጣሊያን፣ ቦሎኛ ከተማ ውስጥ አንድ ሴሚስተር ኢኮኖሚክስ ተምሬ ተመልሻለሁ። በኢራስመስ የልውውጥ ፕሮግራም ነው የሄድኩት። ከዚያ ወዲህ የዕድሉ ተራ የደረሳቸው ልጆች ሲያገኙኝ ስለ ቪዛ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ብርድ ይጠይቁኛል። ስለ መጨረሻዎቹ ቀናት የሚጠይቅ የለም። እኔ ግን ከጉዞው ሁሉ ምክር የሚያስፈልገው ለዚያ ጊዜ ይመስለኛል። ሲገባ እኮ የሚያግዝ ሰው አይጠፋም። ሲወጣ ነው ሰው ብቻውን የሚሆነው።

ጊዜ ሲያጥር ዋጋው ይወጣል

ኢኮኖሚክስ አንደኛ ዓመት ላይ የሚያስተምሩን ነገር አለ። ለተራበ ሰው የመጀመሪያው ጉርሻ ሌላ ነው፤ አስረኛው ያው ጉርሻ ነው። ሴሚስተርም እንደዚያ ነው። የካቲት ላይ አውቶቡስ መሳፈር እንኳን ጀብዱ ነበር። ሚያዝያ ላይ ያው አውቶቡስ ነው፤ ሰው ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ መስኮቱን ሳያይ ይወርዳል።

መጨረሻው ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የቀረው ሲያንስ የእያንዳንዱ ቀን ዋጋ ይወጣል። ይህ የእኔ ፍልስፍና ብቻ አይደለም። ጄይሚ ከርትዝ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመችው ጥናት፣ ለመመረቅ ሳምንታት የቀሯቸውን ተማሪዎች ከፈለቻቸው። ለአንዱ ቡድን የቀረው ጊዜ በጣም አጭር እንደሆነ፣ ለሌላው ደግሞ ገና ብዙ እንደቀረ አድርጋ አቀረበችላቸው። የቀራቸው ቀን ለሁሉም አንድ ነው። «አጭር ነው» የተባሉት ግን ይበልጥ ወጣ ወጣ አሉ፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ብዙ ነገር አደረጉ፣ ደስታቸውም ጨመረ። መጨረሻውን ማሰብ ያስተክዛል ብለን እንሸሸዋለን፤ እነሱን ግን ከአልጋ ነው ያስነሳቸው።

ሌላም አለ። በ2002 የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመው ዳንኤል ካህነማን ከሌሎች ጋር ሆኖ በ1993 ያሳተመው ሙከራ ነው። ሰዎች እጃቸውን 14 ዲግሪ በሆነ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ለ60 ሰከንድ እንዲነክሩ ተደረገ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ያንኑ 60 ሰከንድ፣ ከዚያም ሌላ 30 ሰከንድ ጨምረው ነከሩ፤ በጭማሪው ሰዓት ውኃው ቀስ እያለ ወደ 15 ዲግሪ ሞቅ ይላል። «የትኛውን እንድገምላችሁ?» ሲባሉ አብዛኞቹ ረጅሙን መረጡ። የበለጠ ስቃይ መረጡ ማለት ነው! ምክንያቱም የሚያስታውሱት ጠቅላላውን ድምር ሳይሆን መጨረሻው እንዴት እንደነበረ ነው።

ይህን ወደ ሴሚስተር አምጡት። አምስት ወር ሙሉ ብርድ፣ ናፍቆት፣ የፓስታ ኑሮ አልፎ የመጨረሻው ሳምንት ጥሩ ከሆነ፣ ከዓመታት በኋላ ስለ ጠቅላላው ጊዜ የሚነገረው ወሬ ሌላ ነው። የመጨረሻው ሳምንት ሻንጣ ሚዛን ላይ ሲወጣና ሲወርድ ካለቀ ደግሞ ያው ነው የሚታወሰው።

ቦሎኛ፣ ሐምሌ ላይ

የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ በ1088 ተመሠረተ ይባላል፤ በአውሮፓ አንጋፋው ነው። ከተማዋ በፖርቲኮ የተሞላች ናት። ፖርቲኮ ማለት ከህንጻ ሥር የሚያልፍ ባለ ቅስት የእግረኛ መንገድ ነው፤ ዝናብ ቢመጣ ጃንጥላ ሳትዘረጉ ከሰፈር ሰፈር ትሄዳላችሁ። ሁሉም ሲደመር ወደ 62 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በ2021 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ከሁሉም ረጅሙ ወደ ሳን ሉካ ቤተ ክርስቲያን የሚወጣው ነው፤ ወደ 4 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ 666 ቅስት ያለው። እንጦጦን በእግሩ የወጣ ሰው ዳገቱን ይችለዋል።

ብዙ ተማሪ ሳን ሉካን «አንድ ቀን እሄዳለሁ» እያለ ሴሚስተሩን ይጨርሳል። ነፃ ነው፣ ቅርብ ነው፣ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ለነገ ይተላለፋል። ፓሪስ ግን አይቀርም፤ ምክንያቱም ለፓሪስ ትኬት ይቆረጣል፣ ቀን ይያዛል። የመጨረሻ ሁለት ሳምንት ላይ የቀረባችሁን ለማወቅ ከፈለጋችሁ ካርታ ላይ ሩቅ አትፈልጉ። ከቤታችሁ በግማሽ ሰዓት ርቀት ውስጥ ያለውን እዩ።

ስለ አሲኔሊ ግንብ ደግሞ ልንገራችሁ። 97 ሜትር ነው፣ 498 ደረጃ አለው። የቦሎኛ ተማሪዎች «ሳይመረቅ የወጣበት አይመረቅም» ይላሉ፤ ስለዚህ ዓመታት ይታገሱና ዲግሪያቸውን ይዘው ነበር የሚወጡት። አጠገቡ ያለው ዘማማው የጋሪሴንዳ ግንብ አደጋ ላይ ነው ተብሎ ከጥቅምት 2023 ጀምሮ አካባቢው ሲታጠር አሲኔሊም አብሮ ተዘጋ። ያን ሁሉ ዓመት «ስመረቅ» ያሉ ልጆች የአበባ ጉንጉናቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው አጥሩ ጋ ፎቶ ይነሳሉ። ሁልጊዜ ክፍት የሚመስል ነገር አንዳንዴ ይዘጋል።

ሐምሌ ደግሞ የፈተና ወቅት ነው። ጣሊያን ውስጥ ብዙ ፈተና በቃል ነው፤ ከመምህሩ ፊት ተቀምጣችሁ ትጠየቃላችሁ። ውጤቱ ከ30 ነው፣ ማለፊያው 18። ሲደንቀኝ የነበረው፣ ተማሪው ውጤቱ ካልጣመው «አልቀበልም» ብሎ ሌላ ቀን መፈተን መቻሉ ነው። ለእኛ ግን የአውሮፕላን ትኬት ቀን ስላለው እምቢ ማለት ቅንጦት ነው። ስለዚህ «የመጨረሻ ቀናትን ማጣጣም» ሲባል ሥራ የሌለው ሰው ሽርሽር አይምሰላችሁ። ጠዋት ሳላቦርሳ ቤተ መጻሕፍት ማጥናት ነው። መግቢያው ነፃ ነው፤ ወለሉ መስታወት ስለሆነ ከእግራችሁ በታች የሮማውያን ፍርስራሽ ይታያል። ማታ ደግሞ በር ላይ ያለው ፒያሳ ማጆሬ ላይ ትልቅ ስክሪን ተተክሎ የቆየ ፊልም በነፃ ይታያል፤ በየዓመቱ በበጋ ነው። ወንበር ካላገኛችሁ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ከሽማግሌና ከሕፃን ጋር ተቀምጣችሁ ታያላችሁ።

ቡናም አለ። ባንኮኒው ላይ ቆማችሁ ከጠጣችሁ ርካሽ ነው፤ ከተቀመጣችሁ ይጨምራል። ቶሞካ ቆሞ ቡና የጠጣ የአዲስ አበባ ልጅ ይህን ማንም አያስተምረውም። ቋንቋውም እንዲሁ። የዕቃ መሸጫ ውስጥ «ካቻቪቴ» ሲባል ሰምቼ ዞር ብያለሁ፤ ሰፈር ያለው መካኒክ የጠራኝ ነው የመሰለኝ። ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ፎርኖ፣ ማኪያቶ፣ ሱጎ፤ በምን በኩል እንደገቡልን ታሪኩን እናውቀዋለን፣ ጣፋጭ ታሪክም አይደለም። ግን ቃላቱ ዛሬ የእኛም ናቸው። «ስፓጌቲ ቦሎኔዝ» የሚባለውን ግን ቦሎኛ ላይ አትጠይቁ። እነሱ የሚበሉት ታልያቴሌ በራጉ ነው፤ የራጉውን አሠራር በ1982 ንግድ ምክር ቤታቸው ውስጥ በሰነድ አስመዝግበዋል። የሽሮን አሠራር ብናስመዝግብ ስንት ቤት እንደምንጣላ አስቡት።

«እዛው ቅሪ» የሚለው ስልክ

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። የዕቃው ዝርዝር ትንሹ ሌባ ነው። ትልቁ በስልክ ይመጣል። እናቴ «ስንት ቀን ቀረሽ?» ስትል አክስቴ ስልኩን ትቀበላትና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አንቺ፣ ምን ልትሠሪ ትመጫለሽ? እዛው ቅሪ እንጂ!» ትላለች። ውጭ አንድ ወር የተቀመጠ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ሁሉ ይህን ስልክ ያውቀዋል።

አክስቴ ሞኝ አይደለችም። የደሞዙን ልዩነት ታውቃለች፤ ተመርቆ ቤት የተቀመጠ ልጅ ታውቃለች። የምታነሳው ጥያቄ እውነተኛ ነው። ስሌቷ ውስጥ ያልገባ ወጪ ግን አለ። የልውውጥ ተማሪ የተመዘገበው አገሩ ባለው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ውጭ ያገኘው ውጤት የሚቆጠረው ተመልሶ ሲያስገባው ነው። ከቀረ ዲግሪው በእንጥልጥል ይቀራል። ፈቃዱ ሲያልቅ በሕጋዊ መንገድ መሥራት አይችልም፣ ቤት ለመከራየት ይቸገራል፣ እናቱ ብትታመም ሄዶ መመለስ አይችልም። ከዚህም ሌላ ሂሳቡን የሚከፍል ሰው አለ፤ የሚቀጥለው ባች። ፕሮግራሙ የቆመው ተማሪው ሄዶ ይመለሳል በሚል መተማመን ላይ ነው።

አብሮኝ የነበረ የክፍሌ ልጅ ይህ ስልክ በየማታው ይደወልለት ነበር። እቀራለሁም አይል፣ እመለሳለሁም አይል። ሳምንታት ሙሉ ከክፍሉ አልወጣም። የዚያን ጊዜ ነው የከርትዝ ጥናት ትርጉሙ የገባኝ። ያጠረ ጊዜ የሚጣፍጠው መጨረሻው ሲታወቅ ነው። «ምናልባት» ውስጥ ያለ ሰው ከተማዋን አይሰናበትም፣ አይኖርባትምም። በረራው ሁለት ሳምንት ሲቀረው «እመለሳለሁ፣ ከዚያ በማስተርስ እመጣለሁ» ብሎ ወሰነ። በነጋታው ማታ ፊልሙ ላይ አገኘሁት። አሁን አዲስ አበባ ሆኖ ማመልከቻውን እያዘጋጀ ነው፤ ይሳካለት አይሳካለት ገና አልታወቀም።

በወጉ የተዘጋ በር መልሶ ይከፈታል። ስለዚህ ከቀሩት ቀናት ጥቂት ሰዓት ለዚህ ስጡ። የወደዳችሁትን መምህር በአካል አግኝታችሁ «የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፉልኛል?» በሉ፤ ስማችሁን ከነፊታችሁ ሲያስታውስ ሌላ ነው። በዚያ ክልል ኤርጎ የሚባል መንግሥታዊ ተቋም በቤተሰብ ገቢ ላይ ተመሥርቶ ለውጭ ተማሪም የትምህርት ድጎማ ይሰጣል፤ የቤተሰብ ገቢ ማስረጃ ተተርጉሞና ተረጋግጦ ስለሚፈለግ ምን ምን እንደሚያስፈልግ እዛው እያላችሁ ጠይቁ። ኢራስመስ ሙንዱስ የሚባለው የጋራ ማስተርስም አለ።

ወረቀት መጀመሪያ፣ ሻንጣ ቀጥሎ

ኢራስመስ ራሱ የተወለደው ከወረቀት ችግር ነው። ሶፊያ ኮራዲ የምትባል ጣሊያናዊት በ1950ዎቹ መጨረሻ ኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ማስተርሷን ይዛ ሮም ስትመለስ፣ ዩኒቨርሲቲዋ «አናውቀውም» አላት። እልህ ይዟት ለዓመታት ስትሟገት ኖራ ፕሮግራሙ በ1987 ተጀመረ፤ በመጀመሪያው ዓመት 11 አገሮችና 3,244 ተማሪዎች ነበሩበት። እኛ ጋ የደረሰው ብዙ ቆይቶ ነው። የእሷ ዕጣ እንዳይደርሳችሁ፣ ከ14ቱ ቀን ሁለቱን ለወረቀት አውጡ፤ ግን መጀመሪያ ላይ።

የትምህርት ስምምነታችሁ የሦስቱም ፊርማ እንዳለበት እዩ፤ የእናንተ፣ የአገር ቤቱና የውጭው ዩኒቨርሲቲ። ከመቼ እስከ መቼ እንደቆያችሁ የሚገልጸውን ማስረጃ ማኅተም አስመቱ። ውጤታችሁ ይፋ ከሆነ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በአምስት ሳምንት ውስጥ መላክ አለበት፤ ለማን እንደሚላክ ኢሜይሉን አረጋግጡ። ቤቱን ስትለቁ ክፍሉን በቪዲዮ ቅረጹ፤ የመያዣ ገንዘባችሁ ጥያቄ ሲነሳ ያኔ ትፈልጉታላችሁ።

ለዕቃው ዝርዝር ደግሞ አንድ ቀን ይበቃዋል። የጣሊያን የበጋ ቅናሽ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ይጀምራል፤ ቦሎኛ ውስጥ አርብና ቅዳሜ ላ ፒያዞላ የሚባል ገበያ አለ። በጀቱን ቀድማችሁ ለቤተሰብ ንገሩ፤ «ይህን ያህል ዩሮ አለኝ፣ ተነጋገሩና ምረጡ»። እኛ ቤት ይህ ሲነገር ዝርዝሩ በአንድ ማታ ወደ አምስት ዕቃ ወረደ። ሽቶው ተሰረዘ፣ የእህቴ ጫማ ቀረ።

የቀሩት ቀናት የእናንተ ናቸው። ድስቱን፣ ብርድ ልብሱን፣ ሳይክሉን ለሚመጣው ተማሪ ተዉለት፤ ርካሽ ሱቅ የት እንዳለ፣ የትኛው ቢሮ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ በድምፅ ቀርጻችሁ ላኩለት። የቡና ባንኮኒው ላይ ያለችውን ሴትዮ ስሟን ጠይቋት፤ አምስት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ቀድታላችኋለች። ስልኩንም በጊዜ አንሱ፤ «እማዬ፣ ዘጠኝ ቀን ቀረኝ፣ እመጣለሁ» በሏት። ከዚያ ስልኩን ኪሳችሁ ከትታችሁ ወደ ሳን ሉካ ውጡ። ውኃ ያዙ፤ ሐምሌ ላይ ይሞቃል።