ሙሉ ነጥብ በጎዶሎ ሜዳ

ጠመንጃ ሲባል በአብዛኞቻችን ሐሳብ የሚመጣው ጦርነትና አደን ነው። ወደ አገራችን የገባበትም ምክንያት ከዚሁ የተለየ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ጠረፍ፣ ኋላም ከጅቡቲ ከተማ ወደብ እየተጫነ ወደ መሐል አገር ይገባ የነበረውን የፈረንሳይ ጠመንጃ አባቶቻችን «ውጅግራ» ብለውታል። ስሙ «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ የመጣ ነው። በሌላው ዓለም ግን ጠመንጃ የስፖርት መሣሪያ ጭምር ሆኖ ቆይቷል። ከዚህ ቀጥሎ በደረት ተኝቶ ዒላማ የመምታትን የኦሊምፒክ ውድድር እንመለከታለን። ዓላማችን ተኩስ ማስተማር አይደለም፤ ውድድሩ ስለ ልኬትና ስለ ነጥብ አሰጣጥ ለእኛ ለመምህራን የሚነግረን ቁም ነገር ስላለው ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በመጀመሪያ የውድድሩን ሥርዓት እንይ። ተኳሹ በደረቱ ተኝቶ፣ ክርኖቹን መሬት አስነክቶ፣ የጠመንጃውን ማንገቻ በክንዱ ላይ አጥብቆ ያነጣጥራል። ጠመንጃውን በድንጋይም ሆነ በሌላ ነገር ላይ ማስደገፍ አይፈቀድም። ዒላማው በ50 ሜትር ርቀት ላይ ይቆማል። የጥይቱ ውፍረት 5.6 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ተኳሽ 60 ጥይት ይተኩሳል፤ እስከ 2012 ድረስ እያንዳንዱ ቢበዛ 10 ነጥብ ያስገኝ ስለነበር ሙሉው ነጥብ 600 ነበር። በአሁኑ ዘመን ዒላማ ላይ 10 ነጥብ የምታሰጠው ክበብ ከዳር እስከ ዳር 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት። ይህችን ነጥብ 60 ጊዜ ደጋግሞ ለመምታት ትንፋሽን መግታት፣ ከልብ ምት ጋር መስማማትና ምላጩን ሳያናውጡ መሳብ ያስፈልጋል።

የሳይንስ መምህራን ከዚህ ብዙ ምሳሌ ሊያወጡ ይችላሉ። ጥይቱ በሰከንድ 330 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ዒላማው ዘንድ የሚደርሰው በ0.16 ሰከንድ ገደማ ነው። በዚህች ቅጽበት ውስጥ የመሬት ስበት ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ይስበዋል። ማነጣጠሪያው ይህን ለማካካስ አስቀድሞ መስተካከል አለበት። ከጎን የሚነፍስ ቀላል ነፋስም ጥይቱን በሚሊ ሜትሮች ስለሚገፋው 10 ሊሆን የነበረውን 9 ሊያደርገው ይችላል።

ወደ ታሪኩ እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ1936 በበርሊን ኦሊምፒክ ኖርዌጃዊው ዊሊ ሮገበርግ በ30 ጥይት 300 ነጥብ አስመዘገበ። በ1952 በሄልሲንኪ ሩማንያዊው ዮሲፍ ሰርቡና ሶቪየታዊው ቦሪስ አንድሬየቭ ሁለቱም ከ400 ላይ 400 አመጡ። በዚህም ጊዜ በመሐለኛው ክበብ ውስጥ ያለችውን ትንሿን ክበብ ይበልጥ የመታው ማን እንደሆነ ተቆጥሮ ወርቁ ለሰርቡ ተሰጠ።

ይበልጥ የሚያስተምረን ግን የ1956 የሜልበርን ኦሊምፒክ ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሯጮቿና በብስክሌት ተወዳዳሪዎቿ የተካፈለችበት ኦሊምፒክ ይኸው ነበር። ካናዳዊው ጄራልድ ዌሌት ከአገሩ ልጅ ከጊልሙር ቦአ በተዋሰው ጠመንጃ ተኩሶ ከ600 ላይ 600 አመጣ። የወርቅ ሜዳሊያውንም ተቀበለ። በኋላ ሜዳው ሲለካ ግን ከ50 ሜትር በ1.5 ሜትር ያህል አጥሮ ተገኘ። ስለዚህ ሜዳሊያው የእርሱ ሆኖ ሲቀር ነጥቡ የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ሳይጸድቅ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሜዳሊያው ከጸና ክብረ ወሰኑ ስለምን አልጸናም? መልሱ ቀላል ነው። በዚያ ቀን የተወዳደሩት ሁሉ የተኮሱት በዚያው በአጠረ ሜዳ ላይ ስለሆነ ማንም ከማንም አልተጠቀመም፤ አንደኛው አንደኛ፣ ሁለተኛውም ሁለተኛ ነው። ክብረ ወሰን ግን በሌላ ዘመንና በሌላ አገር ከተተኮሰው ጋር የሚነጻጸር ነው። ርቀቱ በ3 በመቶ ሲቀንስ ክበቧ ለተኳሹ ዐይን በ3 በመቶ ያህል ትሰፋለች። በእርግጥ ዌሌት በትክክለኛው ሜዳም 600 ሊያመጣ ይችል ነበር፤ ሆኖም ይህን ማረጋገጥ የሚቻልበት መንገድ አልነበረም። ጥፋቱ የለኪው ሲሆን የቀረበት ግን ተኳሹ ነው።

የ1.5 ሜትር ጉድለት ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ለተማሪዎች በምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። ከባሕር ጠረፍ ላይ ያለችውን የጅቡቲን ከተማ እንውሰድ። በበጋዋ ወራት ካምሲን የተባለው ሞቃት ነፋስ ሲነፍስ ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። በ20 ዲግሪ ትክክል እንዲሆን የተሠራ የ50 ሜትር የብረት መለኪያ በ40 ዲግሪ ሙቀት ቢዘረጋ ብረቱ በሙቀት ስለሚረዝም የሚያሳስተን በ12 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የሜልበርኑ ስሕተት ከዚህ ከ100 ጊዜ በላይ ይበልጣል። የጅቡቲን ፀሐይ የሚያህል ሙቀት እንኳ ሊያደርሰው የማይችለውን ስሕተት አንድ ያልተጣራ የሰው ሥራ ያደርሰዋል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የኦሊምፒክ ተኳሾች ሙሉ ነጥብ ለማምጣት ብዙ ደከሙ። በ1972 በሙኒክ የሰሜን ኮሪያው ሪ ሆ-ጁን 599 አመጣ። በ1976፣ በ1980ና በ1984 ያሸነፉትም ከ599 አላለፉም። በ1988 በሴኡል የቼኮዝሎቫኪያው ሚሮስላቭ ቫርጋ በማጣሪያው 600 አምጥቶ አሸናፊ ሆነ። ጅቡቲያዊው ሁሴን አሕመድ ሳላሕ በማራቶን ለአገሩ የነሐስ ሜዳሊያ ያስገኘውም በዚሁ ኦሊምፒክ ነበር። ከሜልበርን እስከ ሴኡል 32 ዓመት አልፏል። በደረት ተኝቶ የሚደረገው ውድድር በኦሊምፒክ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2016 በሪዮ ነው።

ይህ ታሪክ የእኛንም ሥራ ይመለከታል። በየመንፈቀ ዓመቱ ፈተና እናወጣለን፤ ነጥብም እንሰጣለን። ፈተናችን ከሚገባው በላይ ቀላል ቢሆን በክፍሉ ውስጥ ደረጃ ማውጣት አይሳነንም፤ አንደኛ የወጣው ያው አንደኛ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን 100 ከ100 ያመጣው ልጅ ከሌላ ትምህርት ቤት ከመጣው ጋር ለአንድ ቦታ በሚወዳደርበት ቀን ጉድለቱ ይገለጣል። ያን ጊዜ የሚያፍረው ፈተናውን ያወጣው መምህር ሳይሆን ተማሪው ነው። በመሆኑም ጥያቄዎቻችን ትምህርቱን በሙሉ የሚሸፍኑ መሆናቸውን ከፈተናው በፊት ከሥራ ባልደረቦቻችን ጋር ሆነን ብንመረምር መልካም ነው።

ለክፍል ሥራም የሚከተለውን እናቀርባለን። ተማሪዎች በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ 50 ሜትርን በመጀመሪያ በእርምጃ፣ ቀጥሎ በገመድ፣ በመጨረሻም በሜትር ይለኩ። የሦስቱን ልዩነት በመቶኛ አስልተው ከሜልበርኑ 3 በመቶ ጋር ያወዳድሩ። የትኛው ቡድን ለእውነቱ እንደቀረበ ከመናገራችን በፊት ግን ሜትሩን ራሱን በሌላ ሜትር እንዲያመሳክሩት እናድርግ።