ጉድለት የተገኘበትን አዲስ አውቶሞቢል ስለ ማስመለስ

ቤተ ሰብ ብዙ ዘመን ያጠራቀመውን ገንዘብ ከፍሎ አዲስ አውቶሞቢል ሲገዛ የልጆቹን ሕይወት ጭምር አምኖ የሚያስረክብ ስለ ሆነ፣ ፍሬኑ ወይም መሪው ጉድለት የተገኘበት እንደ ሆነ ዝም ብሎ መታገሥ አይገባውም።

አሜሪካኖች እንዲህ ያለውን አውቶሞቢል «ሎሚ» ይሉታል፤ መልኩ አምሮ ጣዕሙ የኮመጠጠ እንደ ማለት ነው። ብዙ የአገራችን ልጆች በሚኖሩበት በካሊፎርኒያ፣ በ1970 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣውና ከዚያ ወዲህ የተሻሻለው ሕግ፣ ፋብሪካው በበቂ ሙከራ ሊያድሰው ያልቻለውን አውቶሞቢል እንዲለውጥ ወይም ገንዘቡን እንዲመልስ ያስገድደዋል፤ ገዢውም ገንዘቡን ከመረጠ ልዋጭ ውሰድ ተብሎ አይገደድም። ይኸውም ከርክክቡ ጀምሮ 18 ወር ወይም 18,000 ማይል ሳይሞላ፣ ለሞት የሚያሰጋው ጉድለት 2 ጊዜ፣ ሌላው 4 ጊዜ ታድሶ ያልዳነ እንደ ሆነ፣ ወይም አውቶሞቢሉ ለእድሳት በጠቅላላው ከ30 ቀን በላይ የቆመ እንደ ሆነ፣ ሙከራው በቂ እንደ ነበረ ይገመታል። ጉድለቱ መጀመሪያ ለእድሳት እስከ ቀረበበት ቀን ለተነዳው መንገድ ግን ከዋጋው ይቀነሳል።

ነገር ግን ይህን መብት የሚያጸናው ማስረጃ ነው። ስለዚህ ገዢው የገባበትንና የወጣበትን ቀን፣ የተነዳበትን ማይልና ያመለከተውን ጉድለት የሚገልጽ ወረቀት ሳይቀበል ከጋራዥ እንዳይወጣ እንመክራለን፤ «ምንም አላገኘንበትም» ቢሉት እንኳ ይህንኑ ቃል ጽፈው ይስጡት። የዋስትናው ደብተር የሚያዝ እንደ ሆነም ለፋብሪካው በቀጥታ በጽሑፍ ያስታውቅ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደ ተባለ፣ ወረቀቶቹን ባልና ሚስት ባንድ ስፍራ ቢያኖሯቸው ለቤታቸው ጥሪት ጠባቂ ይሆኗቸዋል።