ስም የሌለው ቅባት

በቆዳ ሕክምና ሙያ የተሰማራ ሰው በየዕለቱ ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች መካከል አንዱ ስለ በሽታ ሳይሆን ስለ ዕቃ ነው፤ ይኸውም «ዶክተር፣ ኬሚካል የሌለበት ሳሙና የትኛው ነው?» የሚል ነው። ጠያቂዎቹ ሕፃን የሚያጥቡ እናቶች፣ ለሠርግ የሚሰናዱ ሙሽሮች፣ አንዳንድ ጊዜም ከዐረብ አገር የተመለሰ ዘመድ ልዩ ልዩ ቅባት ያመጣላቸው ወጣቶች ናቸው። ጥያቄው ከቅን ልብ የመነጨ መሆኑን ስለማውቅ፣ እንዲህ ያለ ሳሙና በዓለም ላይ ከቶ እንደማይገኝ በመንገር አላሳፍራቸውም፤ «እኅቴ፣ አሁን የሚቀቡት ነገር ማን ይባላል? ማን ሠራው? በውስጡ ምን ምን፣ በምን ያህል መጠን ገብቶበታል?» ብዬ እጠይቃለሁ እንጂ። መልስ የተገኘለት ዕቃ ከፋብሪካም ይውጣ ከጓሮ፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን መዝነን ልንፈርድበት እንችላለን፤ መልስ የሌለውን ግን ጉዳቱ በሰው አካል ላይ ሳይገለጥ ልናውቀው አይቻለንም።

«ከተፈጥሮ የተገኘ አይጎዳም» የሚለው እምነት በመካከላችን ሥር የሰደደ ነው። ነገር ግን ሎሚ ጨምቀው ፊታቸውን አሽተው ፀሐይ ላይ የወጡ ሰዎች ቆዳቸው እንደ ተቃጠለ ሆኖ ተልጦ፣ በኋላም ለወራት የማይለቅ ጥቁረት አውጥቶ ወደ ሐኪም ይመጣሉ፤ በሎሚ ውስጥ ያሉት ፉሮኩማሪን የሚባሉት ንጥረ ነገሮች ከፀሐይ ጨረር ጋር ሲገናኙ ቆዳን ያቃጥላሉና። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ያነጹበት እንዶድም ቢሆን፣ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ባዩ ጊዜ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የመግደል ኀይሉ የተገለጠ፣ ዓሣንም የማይምር ተክል ነው። በአንጻሩ ከነዳጅ ዘይት ተጣርቶ የሚወጣው፣ ሽቶ ያልገባበት ተራው ቫዝሊን፣ ለሕፃናት ድርቅ ያለ ቆዳ ያለ ስጋት ከማዝዛቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። የትውልድ አገሩን ሰምተው ፊታቸውን የሚያዞሩ እናቶች አሉ፤ ሽቶው ከሩቅ የሚጣራውን የሕፃናት ሎሽን ሲገዙ ግን ሽቶ ከታወቁት የቆዳ አለርጂ መንሥኤዎች አንዱ መሆኑን የሚነግራቸው የለም።

ስም ከሌላቸው ነገሮች መካከል በምርመራ ክፍሌ አዘውትሮ የሚገጥመኝ በአንዳንድ ኮስሞቲክስ ቤቶች ጓዳ ተቀላቅሎ በትንንሽ ዕቃ የሚሸጠው ቅባት ነው። ማድያትን ያጠፋል፣ ቡግርን ያከስማል፣ ጠይሙን ቀይ ያደርጋል ይባልለታል፤ የሚያስደንቀውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተባለለትን ሁሉ መፈጸሙ ነው። እንዲህ ያለ ፈጣን ተኣምር ሲነገረኝ በቅባቱ ውስጥ ክሎቤታሶልን ወይም ቤታሜታሶንን የመሰለ ብርቱ ስቴሮይድ መኖሩን እጠረጥራለሁ። ክሎቤታሶል በሥርዐቱ ሲታዘዝ ጽኑ የቆዳ ሕመሞችን የሚያስታግሥ የተመሰገነ መድኃኒት ነው፤ እኔም አዝዘዋለሁ፤ ነገር ግን ከሁለት ሳምንት እንዳያልፍ፣ በሳምንትም ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ፊትንም እንዳይነካ አስጠንቅቄ ነው። ያንኑ መድኃኒት ስሙ ተሰውሮባት ጧትና ማታ ለዓመት ፊቷን የተቀባች ሴት ቆዳዋ ይሳሳል፤ የደም ሥሮቿ ከላይ ይታያሉ፤ ሊጠፋላት የፈለገችው ቡግር በርክቶ ይመለሳል፤ ጭርት ያለባት እንደሆነም ማሳከኩና መቅላቱ ስለሚቀንስ የዳነች እየመሰላት ፈንገሱ በስውር ይሰፋል። በሰፊ አካል ላይ ለረጅም ጊዜ የተቀባ እንደሆነ ደግሞ ወደ ደም ዘልቆ የስኳርንና የደም ግፊትን መጠን ከፍ ሊያደርግ ይችላል።

ከስቴሮይዱ ይልቅ የምፈራው ሜርኩሪን ነው፤ ስቴሮይድ ጉዳቱን በገጽ ላይ ሲያሳይ፣ ሜርኩሪ ገጽን እያሳመረ ኵላሊትን ይጎዳልና። ቆዳን የሚያቀላው ሜላኒን የተባለው ቀለም እንዲሠራ የሚያደርገውን ኢንዛይም በማገድ ነው። በናይሮቢ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ፕሮቲን በሽንት የሚፈስበትና ሰውነት የሚያብጥበት የኵላሊት ሕመም ከያዛቸው አዋቂዎች ብዙዎቹ ሜርኩሪ ያለበት የቆዳ ማቅሊያ ክሬም ተጠቃሚዎች ሆነው መገኘታቸውን ገልጸዋል። ከዚህም የከፋው ጉዳቱ በተቀባችው ብቻ አለመቆሙ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በካሊፎርኒያና በቨርጂኒያ በተመረመሩ ቤተ ሰቦች ውስጥ ክሬሙን ከቶ ያልተቀቡ ሰዎች ጭምር በሰውነታቸው ከፍ ያለ ሜርኩሪ ተገኝቶባቸዋል፤ በእጅ፣ በፎጣ፣ በትራስ ይተላለፋል፤ ይተንናልም። በእንግሊዝ አገር በካሎሜል፣ ማለት በሜርኩሪ ውሁድ፣ የተሠራ ዱቄት ጥርስ ለሚያበቅሉ ሕፃናት ይሰጥ በነበረበት ዘመን እጅና እግራቸው የሚቀላ፣ እንቅልፍ የሚያጡ ሕፃናት በሆስፒታሎች ብዙ ነበሩ፤ ዱቄቱ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከገበያ ሲወጣ ሕመሙም አብሮ ሊጠፋ ተቃርቧል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው ሜርኩሪን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነትም ሜርኩሪ የገባባቸውን የማቅሊያ ክሬሞች ከገበያ ከሚወጡት ምርቶች ጋር ቈጥሯቸዋል። በመለያ ወረቀቱ ላይ ካሎሜል የሚል ስም ካለ፣ ወይም «ከወርቅ፣ ከብር፣ ከአሉሚኒየም ጋር እንዳይነካካ» የሚል ማስጠንቀቂያ ከተጻፈበት፣ ሻጩ ምንም ቢምል አይቀቡት፤ ሜርኩሪ ከነዚህ ማዕድናት ጋር የሚዋሐድ ነውና፣ ለቀለበት የተፈራ ቅባት ለጉንጭ እንዴት ይታመናል?

ሌላው የቆዳ ማቅሊያ፣ ሃይድሮኪኖን፣ በሐኪም ቍጥጥር፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ ለማድያት ይጠቅማል፤ ያለ መጠን ሲዘወተር ግን በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 እንደ ተገለጸው ሰማያዊ ጥላ ያለው፣ ለመመለስ እጅግ አስቸጋሪ የሆነ ጥቁረት ያወጣል።

ስለ ቤት ማጽጃዎች ነገሩን አላረዝምም። በረኪና ከፋብሪካው ሲወጣ ስሙና ማስጠንቀቂያው ተጽፎበት ነው፤ ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ ተገልብጦ ከውሃው አጠገብ ሲቀመጥ ግን እርሱም ስም የሌለው ይሆናል፤ ሕፃን ያነሣዋል፤ ጎልማሳም ጨለማ ውስጥ ይጎነጨዋል። አሲድ ካለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ሲደባለቅ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ እ.ኤ.አ. በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት በኢፕር ጦር ሜዳ ወታደሮች የታፈኑበት ያው ጋዝ ነው፤ ስለዚህ «አብሬ ባደርገው የበለጠ ያጸዳል» የሚለው አሳብ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ መሞከር የለበትም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 የመዋቢያ ምርቶችንም በምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሥር አድርጓል። ሆኖም በጓዳ የሚበጠበጠውን ሁሉ አንድ ተቈጣጣሪ ደርሶ ሊያገኘው አይችልምና፣ ሕሙማኔን የሚጠቀሙበትን ሁሉ፣ የፊቱን፣ የጠጕሩን፣ የልጁን ጭምር፣ በፌስታል ጠቅልለው እንዲያመጡልኝ እለምናለሁ፤ ብዙ ጊዜ ከረጅም ጥያቄ ይልቅ አንድ ፌስታል ይናገራል። በእጃቸው ያለው ቅባት ስቴሮይድ ያለበት ከመሰለኝ በራሳቸው ድንገት እንዳያቆሙ እነግራቸዋለሁ፤ ድንገት የተወው ፊት ቀልቶና አብጦ ስለሚያቃጥል ሴቲቱ ክሬሙ መድኃኒቷ፣ ሐኪሙ ጠላቷ መስሎ ይታያታል፤ ደረጃ በደረጃ እየቀነስን፣ በየሁለት ሳምንቱ እየተገናኘን ከቅባቱ እናላቅቃታለን። ሜርኩሪ የጠረጠርሁበት ግን በዚያው ዕለት ይቆማል፤ የሽንት ምርመራም ይታዘዛል፤ ዕቃውም በእሳት እንዳይቃጠል፣ እንፋሎቱ የባሰ መርዝ ነውና፣ በፕላስቲክ ታስሮ እኔው ዘንድ ይቀራል። እኔው ዘንድ የማስቀረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የተከፈለበት ገንዘብ የሚያሳዝናቸው ሰዎች «እኔን አልተስማማኝም፣ አንቺን ይስማማሽ ይሆናል» እያሉ ለእኅታቸው ልጅ ወይም ለቤት ሠራተኛቸው ይሰጡታልና።