ነርሷ ስትጠይቅ መልስ የሚፈልግላት ቤተ መጻሕፍት

በምሥራቅ ጎጃም፣ አነደድ ወረዳ፣ የዝሆኔ በሽታ ያለባቸው 696 ሰዎች በአንድ ጥናት ተሳትፈው ነበር። ግማሾቹ እግራቸውን በሳሙና መታጠብ፣ ቆዳቸውን በቅባት ማለስለስ፣ እብጠቱን በፋሻ መጠቅለል፣ እግራቸውን ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ ማዘውተር ወዲያው ጀመሩ። የቀሩት ሕክምናው ከዓመት በኋላ እንዲሰጣቸው ተደረገ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው ጆርናል ታተመ። ሕክምናውን ገና ያላገኙት በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ እግራቸው በድንገት እያበጠ፣ እየቀላና እያቃጠለ ሲያሠቃያቸው፣ ያገኙት 19.4 ጊዜ ታመዋል። ሁለቱም ቁጥሮች ያስደነግጣሉ። አንድ ገበሬ በዓመት ሃያ ጊዜ ያህል በዚህ ሕመም ከተያዘ መቼ ያርሳል? መቼስ ያጭዳል? ቢሆንም ከአምስት ሕመም አንዱን ያህል ያስቀረው በየቤቱ ሊደረግ የሚችል እንክብካቤ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው።

ደብረ ወርቅ ከአነደድ ጋር በአንድ ዞን ውስጥ ናት። የእናርጅ እናውጋ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ከደጀን በብቸና አድርጎ ወደ ሞጣና ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። እዚያ የምትሠራ አንዲት ነርስ እግሩ ያበጠ ገበሬ መጣላት እንበል። «ለዚህ ሰው ፋሻ ልስጠው ወይስ ሳሙናና ጫማ ይበቃዋል?» ብላ ታስባለች። ለጥያቄዋ የሚሆን ማስረጃ የጎረቤቶቿ እግር ላይ ተጠንቶ፣ ተጽፎ፣ ለማንም በነፃ እንዲነበብ ተለቅቋል። እሷ ግን ወረፋ የሚጠብቅ ሕመምተኛ፣ የሌሊት ተራና የሚቆራረጥ ኢንተርኔት አለባት። ጽሑፉንና እሷን የሚያገናኝ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሰው የጤና ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነው፤ ሥራውም በአገራችን ተገቢውን ክብር ያላገኘ ሙያ ነው።

ደብረ ወርቅ ማርያም በብራና መጻሕፍቷ የታወቀች ገዳም ናት። የዕቃ ቤት ኃላፊው የትኛው መጽሐፍ በየትኛው ሣጥን እንዳለ እንደሚያውቅ ሁሉ፣ የጤና ቤተ መጻሕፍት ባለሙያም የትኛው ማስረጃ የት እንደተቀመጠ ያውቃል። ልዩነቱ የሣጥኑ ስፋት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ለዓለም ሁሉ በነፃ የከፈተው ፐብሜድ የተባለ የመረጃ ቋት ከ35 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎችን መዝግቧል።

ባለሙያው በመጀመሪያ የሚያደርገው ጥያቄውን ማጥራት ነው። «ስለ ዝሆኔ ጽሑፍ ፈልግልኝ» ማለት አይበቃም። ሕመምተኛው ማን ነው? የታሰበው ሕክምና ምንድን ነው? ከምን ጋር ይነጻጸራል? የሚፈለገው ውጤት የእብጠት መቀነስ ነው ወይስ የሕመሙ ድግግሞሽ መቀነስ? እነዚህ አራት ነገሮች ሲለዩ ፍለጋው ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ቀጥሎ ስያሜ ይመጣል። በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው ዝሆኔ ዛሬ በጆርናሎች ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። በኢትዮጵያ ለዓመታት ያጠናው ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በጻፋቸው ጽሑፎች ውስጥ ግን ዝሆኔ በሌላ ስም ይገኛል። በትንኝ ከሚተላለፈው የዝሆኔ ዓይነት ጋር የሚያምታቱትም አሉ። በአንድ ስም ብቻ የፈለገ ሰው የቆየውን ያጣል፤ ስሞቹን ሁሉ ሳይለይ የደባለቀ ደግሞ በማይመለከተው ጽሑፍ ይጥለቀለቃል። ባለሙያው ስሞቹን አሰባስቦና አጣምሮ ይፈልጋል፣ የማይመለከተውን ያስወጣል፣ የቀረውን እንደ ማስረጃው ጥንካሬ ይደረድራል። ብዙ ጥናቶችን የመዘነ ግምገማ ካለ እሱን ያስቀድማል፤ የአንድ ሕመምተኛ ታሪክ ብቻ ያለበትን ወደ ኋላ ያደርጋል። ለነርሷ የሚደርሳት አንድ ገጽ ማጠቃለያና ሁለት ሦስት ጽሑፍ ነው። ለሕመምተኛው የሚሆነውን የምትወስነው ግን እሷው ናት።

ሁሉም ጽሑፍ በነፃ አይገኝም። ብዙ ጆርናሎች አንድ ጽሑፍ ለማስነበብ 30 ዶላርና ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። ይህን በር ለማስከፈት የዓለም ጤና ድርጅት ከታላላቅ አሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ እ.ኤ.አ. በጥር 2002 ሂናሪ የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ። ስድስት አሳታሚዎች 1,500 ያህል ጆርናሎችን ይዘው ገቡ፤ ዛሬ ሂናሪ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባል ሰፊ ጥምረት ሥር በሺዎች የሚቆጠሩ ጆርናሎችንና መጻሕፍትን ያቀርባል። ኢትዮጵያ ያለ ክፍያ ከሚጠቀሙት አገሮች ጎራ ናት።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሂናሪ ግለሰብን አይመዘግብም። የሚመዘገበው ተቋም ነው፦ ዩኒቨርሲቲ፣ ሆስፒታል፣ የምርምር ማዕከል፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት። ተቋሙ የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ይሰጠዋል፤ ሠራተኞቹ ሁሉ በዚያ ይገባሉ። የይለፍ ቃሉ አንድ ኃላፊ ጠረጴዛ ውስጥ ከተቆለፈበት፣ ወይም የሚያውቀው ሰው ተዛውሮ ከሄደ፣ ነርሷ ዘንድ ሂናሪ የለም ማለት ነው።

አገራችን ለሕክምና ጽሑፍ እንግዳ አይደለችም። የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1961 ተመሠረተ፤ በማግሥቱ ዓመት የራሱን ጆርናል ማሳተም ጀመረ። ጆርናል ማሳተም ግን የሥራው እኩሌታ ነው። ለንደን የሚገኘው የብሪታንያ ነርሶች ማኅበር፣ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ነርሲንግ፣ ለአባላቱ ቤተ መጻሕፍት አለው፤ አባል የሆነ ነርስ ጥያቄውን ይልካል፣ ባለሙያ ይፈልግለታል። በመዋጮ የሚተዳደር ማኅበር ለአባሉ ሊሰጠው ከሚችለው አገልግሎት ከዚህ የሚበልጥ ብዙ አላይም። የኛዎቹ የሐኪሞች፣ የነርሶችና የአዋላጆች ማኅበራት እያንዳንዳቸው ሕንፃ መሥራት አይጠበቅባቸውም። በጋራ ሁለት ሠልጣኝ ባለሙያ፣ አንድ የስልክ መስመርና አንድ የቴሌግራም አድራሻ ይዘው ቢጀምሩ ከደብረ ወርቅም ከሞጣም የሚመጣ ጥያቄ መልስ ያገኛል። የሙያ ፈቃድ ለማሳደስ ተከታታይ ሥልጠና ግዴታ በሆነበት በዚህ ጊዜ፣ ማስረጃ መፈለግና መመዘንም ከሥልጠናዎቹ አንዱ ሊሆን ይገባል።

ይህን የምታነቡ የጤና ባለሙያዎች፣ ነገ ሥራ ስትገቡ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ተቋማችን ሂናሪ ላይ ተመዝግቧል ወይ? ከተመዘገበ የይለፍ ቃሉ የሁላችሁም ነውና ተቀበሉ። ካልተመዘገበ ኃላፊያችሁን ይዛችሁ አስመዝግቡ።