በሩን የሚዘጋው ፖታሲየም

አንጎል ውስጥ አንዱ የነርቭ ሴል በሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር የኤሌክትሪክ ምት ሳይታክት ይልካል፤ ጎረቤቱ ጥቂት ምቶች ልኮ ይዝላል። ሁለቱም ምታቸውን የሚጀምሩት ሶዲየም ወደ ውስጥ ሲገባ ነው። በዋናነት የሚለያዩት ፖታሲየም ከሴሉ በሚወጣበት መንገድ ነው ባይ ነኝ።

ነገሩ መጀመሪያ ቀላል ይመስል ነበር። ተመራማሪዎቹ ሆጅኪንና ሀክስሊ በ1952 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የስኩዊድን ግዙፍ አክሰን (ምት የሚያስተላልፈውን የነርቭ ክር) ሲያስረዱ አንድ ዓይነት የፖታሲየም ፍሰት በቂ ሆኖላቸዋል። በ1971 ኮነርና ስቲቨንስ ቶሎ ተነሥቶ ቶሎ የሚሞተውን «ኤ» ፍሰት በቀንድ አውጣ ወገን እንስሳት ሴሎች ላይ ገለጹ፤ በ1980 ብራውንና አዳምስ ዘገምተኛውን «ኤም» ፍሰት ከእንቁራሪት አገኙ። በኤተር ስትደነዝዝ እግሯ የሚንቀጠቀጥ ዝንብ ደግሞ በ1980ዎቹ መጨረሻ የመጀመሪያውን የፖታሲየም ቻናል፣ ማለትም ፖታሲየም በሴሉ ሽፋን የሚያልፍበትን በር፣ ጂን አስገኘች። ዛሬ በሰው ላይ ወደ 80 የሚጠጉ ጂኖች ይታወቃሉ። ከእነዚህ በአብዛኞቹ አንድ ቻናል የሚሠራው አራት ቁራጮች ተገጣጥመው ስለሆነ፣ ቅልቅሉ ከጂኖቹም ይበዛል።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በኮርቴክስ ነው። ፓርቫልቡሚን የተባለ ፕሮቲን ያላቸው ፈጣን ገቺ ሴሎች «ኬቪ3» የሚባለውን ቻናል በብዛት ይይዛሉ። ይህ ቻናል የሚከፈተው ምቱ ከፍ ሲል ብቻ ነው፤ ቮልቴጁ ሲወርድም ወዲያው ይዘጋል። ሰልፉ ሲገፋ በሩን ከፍቶ የመጨረሻው ሰው እንደ ወጣ የሚቀረቅር ዘበኛ ነው። ምቱ ስለሚያጥር የሶዲየም ቻናሎች ቶሎ ያገግማሉ፤ ሴሉም ለቀጣዩ ምት ይደርሳል። የኮርቴክሱ ዋና ቀስቃሽ ሴሎች የሆኑት የፒራሚድ ሴሎች ይህ ቻናል የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ምታቸውም ሰፊ ነው።

የፒራሚድ ሴሎች ጥበብ ያለው በቅርንጫፎቻቸው፣ በዴንድራይቶቻቸው ነው። ሂፖካምፐስ በተባለው የአንጎል ክፍል የ«ኤ» ፍሰት ከሴሉ አካል ወደ ዴንድራይቱ ጫፍ በራቅን ቁጥር እየበዛ እንደሚሄድ በ1997 ታይቷል። ስለዚህ ከሴሉ አካል ላይ ብቻ የተወሰደ ልኬት ግማሹን ታሪክ ይደብቃል።

«ኤም» ፍሰት እንደ ፍሬን ነው፤ አሴቲልኮሊን የተባለው የነርቭ መልእክተኛ ሲደርስ ፍሬኑ ይለቀቃል። ቻናሉን የሚሠሩት ጂኖች ሲበላሹ ጨቅላ ሕፃናት ላይ የሚጥል በሽታ ይከሰታል። እንቅስቃሴን በሚያስተባብረው ሴሬቤለም፣ በፐርኪንጂ ሴሎች ውስጥ «ኬቪ3.3» ሲታወክ አካሄድ ይንገዳገዳል፤ የዶፓሚን ሴሎችን ዘገምተኛ ምት ከሚገዙት አንዱ ደግሞ «ኬቪ4.3» ነው።

ከእነዚህ ልኬቶች አብዛኞቹ ከአይጥ አንጎል ቁራጭ፣ ብዙዎቹም በቤት ሙቀት የተወሰዱ ናቸው። ቻናሎች ሲሞቁ ፍጥነታቸው በእጅጉ ይጨምራል። እናም አንባቢ ሆይ፣ የሁለት ጥናቶችን ቁጥር ከማነጻጸርህ በፊት የእንስሳውን ዓይነትና ዕድሜ፣ ቁራጩ የተነከረበትንም ፈሳሽ ሙቀት ተመልከት።